የደገኛ ደምና የደገኛ ማዕድ

ሰሜን ተራሮች ላይ፣ 3,500 ሜትር ከፍታ ደርሰው ሲተነፍሱ፣ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው፤ በየትንፋሹ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ከቆላ የወጣ ሰው መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ሳምንታት ሲያልፉ ኦክስጅን ተሸካሚው ቀይ የደም ሕዋሱ ይበዛል። ይህ ብልሃት ጣጣ አለው። ደም ሲወፍር ልብ እሱን ለመግፋት ይደክማል።

በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። 4,000 ሜትር አካባቢ የወንዶቹ ሄሞግሎቢን (በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) በዴሲሊትር ደም 19 ግራም ገደማ ነው፤ ከልክ ያለፈባቸው ሥር በሰደደ የከፍታ ሕመም ይሠቃያሉ። ቲቤታውያን ደማቸውን አላወፈሩም፤ በደማቸው ያለው ኦክስጅን ግን ዝቅ ያለ ነው። የእኛ ደገኞች ከሁለቱም ይለያሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምሮ፣ የወንዶቹን ሄሞግሎቢን 15.9 ግራም፣ የኦክስጅን ሙሌቱን (ኦክስጅን የያዘውን የሄሞግሎቢን ድርሻ) 95.3 በመቶ ሆኖ አገኘው። ቆላ ካለ ጤነኛ ሰው ብዙም አይለይም! ይህ እንዴት እንደሚሆን ገና ተፈትቶ አላለቀም፤ ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀው ይህ ነው።

ደሙ ቢለያይም ማዕዱ ይመሳሰላል። በዚህ ከፍታ ውሃ 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ እሳቱን ቢያነዱትም ከዚያ በላይ አይሞቅም። ጥራጥሬ በቶሎ አይበስልም፣ ማገዶም ያልቃል። የብረት ምጣድ ግን ይህ ወሰን የለበትም፤ ለዚህም ይመስለኛል ቆሎና በሶ የደጋ ስንቅ የሆኑት። ገብሱ ይፈተጋል፣ ገለባው ይነፋል፣ በመጠነኛ እሳት ሳይቋረጥ እየተማሰለ ይቆላል፣ ሲቀዘቅዝ ይፈጫል። እሳቱ ከበረታ ውጭው አርሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ ዱቄቱ ይመራል፣ ሆድም ይነፋል። በደንብ የተቆላው ግን ያለ እሳት በውሃ፣ በጨውና በቅቤ ታሽቶ ይበላል። ቲቤታውያንም ጻምፓ የሚሉትን የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ ሻይ አሽተው ይበላሉ።

ባቄላና ሽምብራ መቀቀል ካስፈለገ ሌሊቱን ዘፍዝፎ ማሳደር ነው። ፕሬዠር ኩከር ካለ ደግሞ እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚያደርስ ጊዜውንም ማገዶውንም በእጅጉ ይቆጥባል።