በተቆጣ ደንበኛ በኩል የመጣልኝ መልስ

እግዚአብሔር ያደረገልኝን ለመመስከር የምጽፈው ስለ ሥራዬ ነው፤ የጸሎቴ መልስ የመጣው በዚያው በሥራ ቦታዬ ነውና።

በመጋዘን ሠራተኛነት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ጭነት ማራገፍ፣ ካርቶን በፓሌት ላይ መደርደር፣ የገባውን ዕቃ ከሰነዱ ጋር ማመሳከር የዕለት ተግባሬ ነበር። ዕቃ ሲነሣ ጉልበትን አጥፎ፣ ሸክሙን ወደ ደረት አስጠግቶ፣ ወገብን ሳይጠመዝዙ ቀና ማለት እንደሚገባ አዲስ ገቢዎችን የማስተምረው እኔ ነበርሁ፤ ሾፌሩ ሲያጣድፈኝ ግን ትምህርቴን የምረሳውም እኔው ነበርሁ። አንድ ቀን እንዳጎነበስሁ ቀና ማለት አቃተኝ። ሐኪሙ የዲስክ መንሸራተት መሆኑን ነግሮኝ ከባድ ዕቃ እንዳላነሣ ከለከለኝ።

በዚያው ሰሞን በተደረገው ቆጠራ ከአንድ የዕቃ ዓይነት 480 ፍሬ ጎደለ። በመረከቢያው ሰነድ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነበር። ማንም ሌባ ብሎ አልሰደበኝም፤ ነገር ግን ስገባ ወሬው ይቋረጥ ነበር፤ ይህም ከስድብ ይብሳል። ጉዳዩ እስኪጣራ በሚል ወደ ደንበኞች አገልግሎት ተዛወርሁ። ከባለቤቴ ጋር ሌሊት እየተነሣን «ስሜን አንጻልኝ፣ ወደ ቦታዬም መልሰኝ» እያልን እንጸልይ ነበር። ስልክ ማንሣት እንደ ቅጣት ነበር የሚታየኝ፤ ካርቶን ቢከብድም አይጮኽም።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ደንበኛ ደወለና «እናንተ ሌቦች!» ብሎ ጀመረ። ቃሉ ቁስሌን ነካው። አጸፋውን ልመልስ ስል፣ ጠዋት ያነበብሁት «የለዘበች መልስ ቍጣን ትመልሳለች» የሚለው የምሳሌ ምዕራፍ 15 ቃል ትዝ አለኝ። እስኪጨርስ ሰማሁትና «እባክዎ ካርቶኑን አብረን እንቁጠረው» አልሁት። በስልኩ ማዶ ድምፁን ከፍ አድርጎ አንድ፣ ሁለት እያለ ቆጠረ፤ 12 ላይ አበቃ። በእኛ መዝገብ አንድ ካርቶን 24 ፍሬ ነው። ማሸጊያው ተከፍቶ እንደ ሆነ ስጠይቀው፣ እንደ ታሸገ እንደ ደረሰው፣ የከፈተውም በገዛ እጁ እንደ ሆነ ነገረኝ።

የጆሮ ማዳመጫውን ሳላወልቅ ከወንበሬ ተነሣሁ። አቅራቢው የካርቶኑን መጠን ሳይለውጥ በውስጡ ያለውን በግማሽ ቀንሶ ኖሯል፤ ሲስተማችን ግን የገባውን ሁሉ እንደ ቀድሞው በ24 ያባዛ ነበር። ከዚያ ጭነት 40 ካርቶን ተከፍቶ በፍሬ መደርደሪያ ላይ ተራግፎ ነበር፤ ከእያንዳንዱ 12 ሲጎድል ድምሩ 480 ይሆናል። የመላኪያው ሰነድ ከፋይል ሲወጣም «በካርቶን 12» የሚል ተጽፎበት ተገኘ።

የራሴን ጥፋት ግን ልደብቅ አልችልም። ካርቶኖቹን ከመኪናው ሳወርድ ከወትሮው ቀልለውኝ ነበር። ወገቤን ያመኝ ስለ ጀመረ፣ እግዚአብሔር አዝኖልኝ ነው ብዬ አመሰገንሁ እንጂ ለምን ቀለሉ ብዬ አንዱን እንኳ አልከፈትሁም፤ ሰነዱንም ሳላነብ ፈረምሁ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን እንጀራዬን ሊያሳጣኝ ነበር።

በሁለት ቀን ውስጥ ስሜ ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ተሰጠኝ። ወደ መጋዘን ልመለስ እንደምችልም ተነገረኝ፤ ሌሊት የለመንሁት እርሱን ሆኖ ሳለ፣ በቅሬታ መቀበያው ልቆይ አልሁ። ወገቤም ይህን ይመርጥ ነበር።

የጎደለው 12 ፍሬ መላኩን ልነግረው ለዚያ ደንበኛ ስደውልለት ደጋግሜ አመሰገንሁት። «ተሳድቤ ስመሰገን ይህ የመጀመሪያዬ ነው» ብሎ ሳቀ። የሆነውን ስነግረው ግን ጥቂት ዝም አለና፣ «እኔ እኮ በዚያን ቀን ለ12 ፍሬ ብዬ ምን አደከመኝ፣ ልተወው ብዬ ስልኩን ሁለቴ አስቀምጬው ነበር» አለኝ።