«እንዳይለያዩ» ብለን ለምነን ነበር

በጌታ የተወደዳችሁ፣ ሰላም ይብዛላችሁ። በአሜሪካ ጦር ውስጥ ለሚያገለግሉ የአገራችን ልጆችና ለቤተሰቦቻቸው በስልክ ተያይዘን የምንጸልይ እህቶችና ወንድሞች ነን። ዛሬ ጌታ ለአንድ ቤተሰብ ያደረገውን እንመሰክራለን። ባልና ሚስቱ «ተናገሩት» ብለውናል፤ ስማቸውን ግን አንጠቅስም። ቅጹን በቁጥሩ፣ ወረቀቱን በስሙ እየጠራን የምንናገረው ጌታ እጁን ያስገባው እዚያው ወረቀቱ መሐል ስለሆነ ነው።

ወንድማችን የአሜሪካ ዜግነት ያለው የምድር ጦር ወታደር ነው። ወደ ጀርመን እንዲዛወር ኦርደር ሲወጣለት፣ ባለቤቱ በእጇ ያለው ግሪን ካርድና የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነበር። ልጆቻቸው ሁለት ናቸው፤ ሁለት ዓመት ያለፈው ወንድ ልጅና ገና ጡት የምትጠባ እህቱ። የጀርመን ምድብ ቤተሰቡን ይዞ ለሚሄድ 36 ወር፣ ብቻውን ለሚሄድ 24 ወር ነው። ቤተሰቡ ካልተፈቀደለት አባት ሁለት ዓመት ሙሉ ልጆቹን በስልክ እያየ ሊኖር ነው ማለት ነው። ጸሎታችን አጭር ነበር፤ ጌታ ሆይ፣ አይለያዩ።

ቤተሰብ አብሮ እንዲሄድ ኮማንድ ስፖንሰርሺፕ የሚባል ፈቃድ ያስፈልጋል። የቤተሰቡን ጉዞ መንግሥት የሚችለው፣ ሲደርሱም መኖሪያ ቤትና ሕክምና የሚያገኙት በዚህ ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊት ደግሞ የሁሉም ጤና ይታያል። ዲኤ ፎርም 5888 በሚባለው ቅጽ የእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የሕክምና ፋይል ይገመገማል፤ ለትንንሽ ልጆች የእድገት ምርመራ ይጨመራል። ልዩ ክትትል የሚያስፈልገው ሰው ከተገኘ ኢኤፍኤምፒ በሚባለው ፕሮግራም ይመዘገባል፤ ሐኪሙ ዲዲ ፎርም 2792 ይሞላለታል። ቅጹ ወደ ተመደቡበት አገር ሄዶ፣ እዚያ ያሉት «ይህን አገልግሎት መስጠት እንችላለን» ወይም «አንችልም» ብለው ይመልሳሉ።

ፈተናው የገባው በዚህ በር ነው። ልጁ አፉን አልፈታም ነበር። የዲዲ ፎርም 2792 አንዱ ክፍል እያንዳንዱ ባለሙያ በስንት ጊዜ እንደሚያስፈልግ የሚሞላበት ነው፤ በዓመት፣ በየሦስት ወሩ፣ በየወሩ፣ በየሳምንቱ። ለልጁ የንግግር ሕክምና «በየሳምንቱ» ተብሎ ተሞላ። ከተመደቡበት ቦታ የመጣው መልስ፣ በየሳምንቱ የሚያየው ባለሙያ ስለሌለ ቤተሰቡ አይምጣ የሚል ሆነ።

ቅጹ ላይ የተሞላች አንዲት ሳጥን ምን ምን እንደዘጋች ተመልከቱ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ወደ ጀርመን ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል። መንግሥት ለወታደር ቤተሰብ ያለ ክፍያ የሚያወጣው ፓስፖርት ደግሞ ለአሜሪካ ዜጋ ብቻ ነው። ለእንዲህ ዓይነቷ ሚስት ሕጉ የከፈተው መንገድ አለ፤ የስደተኞችና የዜግነት ሕጉ ክፍል 319 (ለ) ውጭ አገር የሚመደብ ዜጋ የትዳር ጓደኛ የሦስቱን ዓመት የነዋሪነት ጊዜ ሳትጠብቅ ዜግነት እንድትጠይቅ ይፈቅዳል። ማመልከቻው ኤን-400 ሲሆን፣ ዲዲ ፎርም 1278 አብሮት መያያዝ አለበት። ይህ ቅጽ የሚሰጠው ባሏን ተከትላ እንድትሄድ ለተፈቀደላት ሚስት ነው። እንግዲህ ያቺ ሳጥን ባለችበት ከቀረች ፈቃድ የለም፤ ፈቃድ ከሌለ 1278 የለም፤ 1278 ከሌለ ዜግነቱም ፓስፖርቱም ትኬቱም የለም።

ጾምና ጸሎት ያዝን። መልሱ ማንም ባላሰበው መንገድ መጣ። ለትንሿ ክትባት በተያዘ ቀጠሮ እናት ሁለቱንም ልጆች ይዛ ሄዳ ሳለ፣ ሐኪሟ ሕፃኗን እያየች ወንድሟን ከጀርባው በስሙ ጠራችው። አልዞረም። ደግማ ጠራችው፤ አሁንም አልዞረም። «ይህ ልጅ ጆሮው ተመርምሯል?» አለች። ፋይሉ ውስጥ ስለ ንግግሩ ብዙ ተጽፏል፤ ጆሮው ግን አንድም ጊዜ አልተለካም ነበር። ጌታ ያችን ሐኪም በዚያች ሰዓት እንዳስነሣት እናምናለን፤ ስለ ጆሮው የጠየቀ ሰው አልነበረምና።

ምርመራው ቀላል ነው። ጫፉ ላስቲክ የሆነ ትንሽ መሣሪያ የጆሮው ቀዳዳ ላይ ይገጠማል፤ የአየሩን ግፊት ከፍ ዝቅ እያደረገ የጆሮው ታምቡር እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ይለካል። ጤነኛ ጆሮ ወረቀቱ ላይ እንደ ተራራ ጫፍ ወጣ ያለ መስመር ያሳያል። የልጁ በሁለቱም ጆሮ ጠፍጣፋ ሆኖ ወጣ። ከታምቡሩ በስተኋላ ፈሳሽ ተጠራቅሟል ማለት ነው። ከጉንፋን ወይም ከጆሮ ሕመም በኋላ በትንንሽ ልጆች ላይ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ልጁን አያመውም፣ ትኩሳትም የለውም፣ ግን ድምፅ ታፍኖ ይሰማዋል። ቃሉን አጥርቶ ያልሰማ ልጅ ከየት አምጥቶ ይናገረው? ፈሳሹ ብዙ ጊዜ በሦስት ወር ውስጥ በራሱ ስለሚጠፋ ሐኪሞች መጀመሪያ የሚመርጡት መጠበቅን ነው። እኛም እየጠበቅን ጸለይን። ሲመለሱ መስመሩ ጫፍ አውጥቶ ነበር፤ የመስማት ልኬቱም ደኅና ሆነ። ስሙ ይባረክ!

ሌላም ነገር ተገለጠ። የልጁን ንግግር የመዘነው ባለሙያ የቆጠረው የእንግሊዝኛ ቃላቱን ብቻ ነበር። ሁለት ቋንቋ በሚነገርበት ቤት የሚያድግ ልጅ የሚመዘነው የሁለቱም ቋንቋ ቃላት ተደምረው ነው፤ በሁለት ዓመቱ 50 ያህል ቃል ይጠበቅበታል። እናት ማስታወሻ ይዛ «ውሃ»፣ «እንቢ»፣ «ና»፣ «አባ»፣ «ጫማ» እያለች ከልጇ አፍ የሚወጣውን ሁሉ መዝግባ አመጣች። ልጁ ትንሽ ወደ ኋላ ቀርቷል እንጂ የተፈራውን ያህል አልነበረም። ሐኪሟ አዲሱን ምርመራ አስገብታ ዲዲ ፎርም 2792ን እንደገና ሞላች፤ የንግግር ክትትሉም «በየሦስት ወሩ» ሆነ። ቅጹ በየገጹ መታየት አለበት፤ ፊርማ ወይም ቀን የጎደለበት ተመላሽ ይሆናል፤ ደርሶ መልሱም ሳምንታት ይበላል።

ይህን ስንል ሕመም ይደበቅ ማለታችን እንዳልሆነ አጥብቀን እንናገራለን። ጉዳዩን ሸሽጎ የሄደ ቤተሰብ ባሕር ማዶ ሐኪም አጥቶ ይጉላላል፤ ወታደሩም ይጠየቅበታል። የለመንነው እውነቱ በትክክል እንዲጻፍ ነው። በእርግጥም በየሳምንቱ ሕክምና የሚያስፈልገው ልጅ ቢሆን ኖሮ፣ ትልቅ ሆስፒታል ወዳለበት ሌላ ምድብ እንዲቀየርላቸው ነበር የምንጸልየው።

ፈቃዱ ወጣ። ውጭ አገር ባሉ የጦር ሰፈሮች ከልደት እስከ ሦስት ዓመት ያሉ ልጆችን የሚከታተለው ኢዲአይኤስ የሚባለው አገልግሎት ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ኃላፊነቱ ወደ መከላከያው ትምህርት ቤቶች ይሻገራል። ልጁን እንደሚቀበሉት በጽሑፍ መጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በፍጥነት ነው፤ ፍጥነቱም ያስፈልግ ነበር፤ ዲዲ ፎርም 1278 ከጉዞው ከ90 ቀን በላይ ቀድሞ አይሰጥምና። በ319 (ለ) የሚያመለክት ሰው ቃለ መሐላውን የሚፈጽመው አሜሪካ ምድር ላይ ሆኖ ስለሆነ «ጀርመን ደርሼ እጨርሰዋለሁ» አይባልም። እህታችን ሕፃኗን እያጠባች የታሪኩንና የሥነ መንግሥቱን ጥያቄ አጠናች፤ ፈተናውን አለፈች፤ ማለች።

ስለ ስም አንድ ነገር ሳንል አናልፍም፤ የእኛ ሰው ብዙ የሚደናቀፍበት ነው። እናት በአባቷ ስም ትጠራለች፤ ልጆቹ በአባታቸው። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት «የቤተሰብ ስም» ይገኛል። ለእኛ ምንም አይደለም፤ ወረቀቱን ለሚያየው የቢሮ ሰው ግን ጥያቄ ነው። ኦርደሩ፣ ፓስፖርቱና ዲርስ የሚባለው የሠራዊቱ የቤተሰብ መዝገብ በፊደል ሳይቀር አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። የጋብቻ ምስክር ወረቀቱና የልጆቹ የልደት ወረቀት ዋናው ከእጅ አይለይ። ኦርደሩ ከወጣ በኋላ የተወለደ ልጅም በማሻሻያ ኦርደር ካልተጨመረ እንደሌለ ይቆጠራል።

ፓስፖርቱ የሚጠየቀው ዲኤስ-11 በሚባለው የፓስፖርት ማመልከቻና ያለ ክፍያ እንዲወጣ በሚፈቅደው ዲዲ ፎርም 1056 ነው። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ እናትና አባት ሁለቱም መቅረብ አለባቸው። አባት ልምምድ ላይ ከሆነ ዲኤስ-3053 የሚባለውን የስምምነት ቅጽ ኖተሪ (ፊርማ አረጋጋጭ) ፊት ይፈርምና የመታወቂያውን የፊትና የጀርባ ኮፒ ያያይዛል፤ ቤት ፈርሞ መላክ አይሠራም። ለሕፃኗ ፎቶ ነጭ አንሶላ መሬት ላይ ዘርግቶ፣ አጋድሞ፣ ከላይ ማንሳት ነው፤ የሰው እጅም ጥላም እንዳይታይ። ደግሞም ይህ ያለ ክፍያ የሚሰጥ ፓስፖርት ለምድቡ ጉዞ ብቻ ነው፤ ዘመድ ለመጠየቅ አዲስ አበባ ለመሄድ በገንዘብ የሚወጣው መደበኛ ፓስፖርት ያስፈልጋል።

ዕቃው በሁለት ዙር ይሄዳል። ቶሎ በሚደርሰው ጭነት ዕድሜው 12 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ቤተሰብ 350 ፓውንድ፣ ከ12 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ 175 ፓውንድ ይፈቀዳል። የሕፃኗ አልጋ፣ አንሶላ፣ ጥቂት ድስት እዚያ ይገባል፤ የቀረው ዘግይቶ ይከተላል። ዕቃ የሚጠቀልሉት ሠራተኞች ያዩትን ሁሉ ያሽጋሉ። ፓስፖርት፣ መድኃኒት፣ ዱቄት ወተትና ኦርደር አንድ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቆልፎ በሩ ላይ ፕላስተር መለጠፍ ይሻላል። የ120 ቮልት ምጣድ ጀርመን 230 ቮልት ላይ በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል፤ 1500 ዋት ለሚስብ ምጣድ ቢያንስ 2000 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ይያዝ። ንጥር ቅቤና ቋንጣ በሻንጣ አይሞከርም፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ ሥጋና የወተት ተዋፅኦ ለመንገደኛ ክልክል ነው። ፍሪጅ የማይፈልግ፣ እሽጉ ያልተከፈተ የሕፃን ዱቄት ወተት ግን ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይገባል።

የበረሩት በፓትሪዮት ኤክስፕረስ ነው፤ ሠራዊቱ የሚከራየው የመንገደኛ አውሮፕላን ሲሆን ከባልቲሞር ተነሥቶ ጀርመን ባለው የራምስታይን አየር ሰፈር ያርፋል። ለአንድ ሰው እያንዳንዱ እስከ 70 ፓውንድ የሚመዝን ሁለት ሻንጣ ይፈቀዳል። የእኛ ጭንቀት የልጁ ጆሮ ነበር። የሕፃናት የጆሮ ቱቦ አጭርና ጋደም ያለ ስለሆነ አውሮፕላኑ ዝቅ ሲል ግፊቱ ቶሎ አይስተካከልም፤ የሚከፍተው መዋጥ ነው። እናት መውረዱ ሲጀምር ልጁን ቀስቅሳ ውሃ በኩባያ አጠጣችው፤ ትንሿን አጠባች። አባት ከጎኗ ተቀምጦ ነበር። አንዱም አላለቀሰም፤ ወርደው ሲደውሉልን ግን እኛ አለቀስን።

አሁን በጊዜያዊ ማረፊያ አሉ፤ ለዚህ ወጪ የሚከፈለው ቲኤልኤ እስከ 60 ቀን ይሄዳል። ቤት እንዲያገኙ አብራችሁን ጸልዩ። ልጁ ሦስት ዓመት ሲሞላው የጀርመን ሙአለ ሕፃናት ሊያስገቡት ያስባሉ፤ ከመጋቢት 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የጀርመን ሕግ የኩፍኝ ክትባት ማስረጃ ግዴታ ነው፤ ካርዱ ተሟልቷል። ወደ ኮሪያ፣ ካምፕ ሃምፍሪስ የተመደበ ሌላ ቤተሰብም አለን፤ ባልየው ኦርደሩን ይዟል፣ የሚስቱና የሦስት ልጆቹ ፈቃድ ግን ገና አልመጣም። የመካከለኛዋ ልጅ የአስም ቅጽ ዛሬም ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ በጸሎታችሁ አስቧት።