ቁጣው የእኔ ነበር፣ የጸሐፊው አይደለም

ትናንት ከአሥር ጥያቄ ሰባት አገኘሁ። ከሦስት ወር በፊት በዚሁ ዓይነት ጥያቄ ከሦስት አላልፍም ነበር። ደስ ብሎኝ ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ለዚህ ነው የምጽፍላችሁ።

የማወራው ስለ እንግሊዝኛ ምንባብ ጥያቄዎች ነው፤ ስለ ቶን፣ ስለ ሙድና ስለ ጸሐፊው ዓላማ። ትርጉማቸውን መያዝ አልከበደኝም። ቶን ጸሐፊው ለሚጽፈው ነገር ያለው አመለካከት ነው። ሙድ ጽሑፉ አንባቢው ላይ የሚያሳድረው ስሜት ነው። በሰፈር ቋንቋ "ሙድ ያዘብኝ" ስለምንል ቃሉ መጀመሪያ ግር አሰኝቶኝ ነበር። "ድባብ" ብዬ ስይዘው ቀለለኝ።

ያቃተኝ ሌላ ነው። አንድ ቀን ስለ እምቦጭ የተጻፈ ምንባብ ገጠመኝ። አረሙ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ መሆኑን፣ ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 መታየቱን፣ በፍጥነት እየተራባ የውሃውን ገጽ እንደሚሸፍንና ከሥሩ ያለውን ውሃ ብርሃን እንደሚከለክል ይናገራል። የጸሐፊው ቶን ምንድን ነው ሲለኝ ሳላመነታ "የተቆጣ" አልኩ። መልሱ "ገለልተኛ" ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ መልሱ ተሳስቷል እያልኩ ተከራከርኩ።

በሦስተኛው ቀን እርሳስ ይዤ ተመለስኩ። የቁጣ ቃል እያንዳንዱ መስመር ላይ ፈለግኩ። አንድም አጣሁ። "ይሸፍናል"፣ "ይራባል"፣ "ታይቷል" ብቻ። አጎቴ ፎገራ ውስጥ እስከ ወገቡ ውሃ ገብቶ አረሙን በእጁ ሲነቅል አይቻለሁ። ምንባቡን ሳነብ የማየው እሱን ነበር። ቁጣው የእኔ ነበር፣ የጸሐፊው አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ከእርሳስ አልተለየሁም። ጸሐፊው ለዘብ ያለ ቃል እያለለት ጠንካራውን የመረጠበትን ቦታ ሁሉ አከብበታለሁ። "እምቦጭ ሐይቁን ሸፈነ" ካለ ዝም ብሎ እየነገረኝ ነው። "ወረረ" ካለ ጠላት አድርጎታል። "ሐይቁን አነቀው" ካለ አዝኗል ወይም ተቆጥቷል። የከበብኩት ቃል ከሌለ መልሴ ገለልተኛ ነው፤ ልቤ የፈለገውን ቢል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እኛ በአማርኛ የተናጋሪውን አመለካከት ከግሱ መጨረሻ ለመስማት ለምደናል። "መጣ" እና "መጡ" ብቻ ብዙ ይነግሩናል። አንድን ትልቅ ሰው "መጣ" ብሎ የጻፈ ሰው ወይ ቅርቡ ነው፣ ወይ ንቆታል። እንግሊዝኛ ይህ የለውም። ስለዚህ ጆሯችን የለመደውን ቦታ ይፈልግና ባዶ ያገኘዋል። በእንግሊዝኛ አመለካከቱ የሚገኘው ሌላ ቦታ ነው። "ሴይድ" ካለ "ተናገረ" ነው፤ "ክሌምድ" ካለ ግን "ይላል እንጂ ማረጋገጫ አላየሁም" እንደማለት ነው። "ኦንሊ" የምትለዋን ቃልም አትለፏት። "ሃያ ሰው መጣ" እና "ሃያ ሰው ብቻ መጣ" ቁጥሩ አንድ ነው፤ ሁለተኛው ግን ቅር ብሎታል።

"የቅኔ አገር ልጅ ሆነህ ይህ እንዴት ይከብድሃል?" የሚሉኝ አሉ። አልስማማም። ሰምና ወርቅ ላይ የምንፈልገው የተደበቀ ትርጉም ነው። ቶን ግን ትርጉም አይደለም፤ ፊት ላይ እንደሚነበብ ስሜት ላይ ላዩን ያለ ነገር ነው። ወርቅ ስቆፍር ፊቱን ሳላይ የቀረሁባቸው ምንባቦች ብዙ ናቸው።

ዓላማን በተመለከተ "ማሳወቅ፣ ማሳመን፣ ማዝናናት" የሚለውን ክፍፍል ብቻ ይዛችሁ አትግቡ። ብዙ ጽሑፍ እያሳወቀ ነው የሚያሳምነው። እኔ የምጠይቀው "ወረቀቱን ሳስቀምጥ ምን እንዳደርግ ይፈልጋል?" ብዬ ነው። አረሙን እንድነቅል ከፈለገ፣ ቁጥር ቢደረድርም ዓላማው ማሳመን ነው።

ከእኔ በታች ያላችሁትን ይቅርታ ልጠይቅ። መቶ የቶን ቃላት ዘርዝሬ "ይህን ሸምድዱ፣ ይበቃል" ብዬ የሰጠኋችሁ እኔ ነኝ። ዝርዝሩ አማራጮቹን ለመረዳት ይጠቅማል። ምንባቡን ግን አያነብላችሁም። እኔም ለሁለት ወር ያህል ከሦስት ያላለፍኩት እሱን ይዤ ነው።

ትናንት የሳትኳቸው ሦስቱም የምፀት ነበሩ። ልጁ ብርጭቆ ሲሰብር እናቱ "ጎበዝ!" ብትለው ከድምጿ እረዳለሁ። ወረቀት ላይ ድምፅ የለም። ጮክ ብዬ ሳነበው አንዳንዴ ይገባኛል፣ አንዳንዴ አይገባኝም። ቅዳሜ ከሰዓት እንደተለመደው ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ሐይቁ ዳር ነኝ። ሦስቱንም ይዤ እመጣለሁ። ምፀት የሚሰማው ሰው ካለ አጠገቤ ይቀመጥና ጮክ ብሎ ያንብብልኝ።