ቅደም ተከተሉን ትቼ ሽቦውን ጻፍኩ

ለሲሙሌተር የቦይንግ 737-800 ኮክፒት ስሠራ፣ ለሞተር ማስነሻው መጀመሪያ የያዝኩት መንገድ ቀላል ነበር። ዝርዝር አወጣሁ፦ ባትሪ፣ ኤፒዩ (ጅራቱ ውስጥ ያለው ትንሽ ረዳት ሞተር፤ ኤሌክትሪክና አየር ይሰጣል)፣ የነዳጅ ፓምፕ፣ ሞተር። ተጠቃሚው አንዱን ሲነካ ኮዱ ቀጣዩን ይጠብቃል። ቶሎ አለቀልኝ፤ ኩራቴም ለጉድ ነበር።

ከዚያ አንድ ጓደኛዬ ሞከረው። ኤፒዩው ሳይነሳ የነዳጅ ፓምፑን አበራ። ፕሮግራሙ ደርቆ ቀረ። እውነተኛ አውሮፕላን ግን ተራ አይጠብቅም። ፓምፑ የሚሠራው በኤሲ (ተለዋዋጭ) ኤሌክትሪክ ነው። ባትሪ ብቻ እያለ ማብሪያውን ብትጫነው ፓምፑ አይዞርም፤ የዝቅተኛ ግፊት መብራቱም አይጠፋም። በቃ።

ዝርዝሩን ሰረዝኩት። በምትኩ ማን ለማን ኃይል እንደሚሰጥ ጻፍኩ። ማብሪያዎቹ ምንም "አያደርጉም"፤ መንገድ ይከፍታሉ ወይ ይዘጋሉ እንጂ።

የዚህ ጥቅም የገባኝ ሞተሩ ጋ ስደርስ ነው። ሞተሩን መጀመሪያ የሚያዞረው ከኤፒዩ የሚመጣ የታመቀ አየር ነው። የካቢኑን አየር የሚያዘጋጁት ፓኮች ካልጠፉ ያንኑ አየር ይሻማሉ። በድሮው ሥራዬ ፓክ በራ ጠፋ ለውጥ አልነበረውም። አሁን ከረሳኸው ግፊቱ ይወርዳል፤ ኤን ቱ (የሞተሩ የውስጥ ዘንግ ፍጥነት) 25 በመቶ ለመድረስ ያቃስታል። ቸኩለህ ከዚያ በፊት ነዳጅ ከለቀቅክ ደግሞ አየሩ ስለማይበቃ ሙቀቱ ይተኮሳል። በማስነሳት ጊዜ ጣሪያው 725 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። "ከ25 በታች ከሆነ ቀይ አብራ" የሚል መስመር ግን የትም አልጻፍኩም። የአየሩንና የነዳጁን ሚዛን ጻፍኩ፤ ጥፋቱ ራሱ መጣ።

ኤን ቱ 56 በመቶ ገደማ ሲደርስ የማስነሻ ማብሪያው በራሱ "ቀጭ" ብሎ ይመለሳል። ያቺን ድምፅ ለማስተካከል አንድ ሙሉ ቀን ፈጀሁ። አልቆጨኝም።

ቼክሊስቱንም አበላሽቼው ነበር። እያንዳንዱን መስመር ስታነብ ማብሪያውን እንድትነካ አድርጌ ነበር የሠራሁት። ጡረታ የወጡ አንድ ካፒቴን አይተውት ሳቁ። "እኛ እኮ መጀመሪያ በእጃችን እንጨርሳለን፤ ቼክሊስቱ የረሳነውን መያዣ ነው" አሉኝ። ስለዚህ አሁን ቼክሊስቱ ጠቅታ አይጠብቅም፤ ሲነበብ የማብሪያዎቹን ሁኔታ ብቻ ያያል።

የአሰሳ መሣሪያው አይአርኤስ ላይ ግን ተሸነፍኩ። አቅጣጫውን ለይቶ እስኪጨርስ 10 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል፤ በመሃል አውሮፕላኑ ከተንቀሳቀሰ ሥራው ይበላሻል። የሞከረው ሰው ሁሉ አማረረ። ማሳጠሪያ ቁልፍ ጨመርኩ፤ ሳይጠየቅ እንዳይበራ ግን ከቅንብሮቹ መጨረሻ ላይ ቀበርኩት።