የፈንገስ ቀለብ ከጓዳ፦ ሽምብራ፣ ስኳር ድንችና ቡላ እስካሁን ያሳዩኝ

ላቦራቶሪ ውስጥ ሻጋታ የሚያሳድግ ሰው ፒዲኤን፣ ማለትም ከድንች፣ ከዴክስትሮስና ከአጋር የሚሠራውን የፈንገስ ቀለብ (ሚዲያ)፣ ያውቀዋል። ለአንድ ሊትር 200 ግራም ድንች ተቀቅሎ ይጣራል፣ 20 ግራም ዴክስትሮስ የተባለ ስኳር ይገባበታል፣ ከባሕር አረም በሚወጣው አጋር ይረጋል። የተዘጋጀውን ዱቄት ያገኘ 39 ግራም መዝኖ ይገላገላል። ግን ዱቄቱ ከውጭ ነው የሚመጣው። ዋጋው አይቀመስም፣ ሲያልቅም ቶሎ አይተካም። እኔም ከገበያ የምንሸምተው እህል ይተካው እንደሆነ እየሞከርኩ ነው። እዚሁ የምትሠሩ ሰዎች እንድትተቹት የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

የምፈትንበት ፈንገስ በዋናነት አስፐርጊለስ ናይጀር ነው። ስፖሩ (የሚራባበት ዘር መሰል ብናኝ) ጥቁር ስለሆነ ለዓይን ይመቻል። ከጎኑ የዳቦ እርሾ አለ። አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ወደሚያመነጨው አስፐርጊለስ ፍላቨስ አልጠጋም፤ የእኛ ክፍል ለእሱ የሚሆን መከላከያ የለውም። ሁሉም ፕሌት (ሚዲያው የሚረጋበት ክብ ሳህን) በ25 ዲግሪ ይቀመጣል። ኮሎኒውን፣ ማለትም ያደገውን ክብ የሻጋታ ጉብታ፣ በሁለት አቅጣጫ በማስመሪያ ለክቼ አማካዩን እይዛለሁ።

ስኳር ድንች የዋህ ነው። እንደ ድንቹ 200 ግራም ቀቅዬ በሻሽ አጠልላለሁ፣ ያለ ችግር ይረጋል። ቀስ ብሎ ሲሞቅ ስታርቹ በራሱ ኢንዛይም ወደ ማልቶስ ስለሚቀየር ከውጭ የሚጨመረውን ስኳር መቀነስ ይቻላል። እርሾውም ወዶታል።

ሽምብራ ግን አመለኛ ነው። ፕሮቲኑ ብዙ ስለሆነ ሻጋታው ወፍሮ፣ ጠቅጠቅ ብሎ ይወጣል፤ ስፖሩም ቶሎ ይጠቁራል። ያው ፕሮቲን ለባክቴሪያም ድግስ ነው። ሲፈላ አረፋው ይገነፍላል፣ ሚዲያው ደፍርሶ ከሥር ምን እንዳለ አይታይም። መፍትሔዬ ዱቄቱን መቀነስና ባክቴሪያን የሚገታ ክሎራምፌኒኮል የተባለ መድኃኒት መጨመር ነው። ይህ መድኃኒት ሙቀት ስለሚችል አብሮ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት የሚያመክን ዕቃ) ይገባል። ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) በአሲድ ዝቅ ማድረግ የምትፈልጉ ደግሞ አሲዱን ለብቻው አምክናችሁ ሚዲያው ወደ 50 ዲግሪ ሲወርድ ጨምሩት። አጋር ከአሲድ ጋር ከተቀቀለ አይረጋም፣ ሾርባ ሆኖ ይቀራል።

ብዙ ያሰብኩበት ቡላው ነው። ስሌቱን ስሠራ ትልቁን ወጪ የሚይዘው ምግቡ ሳይሆን አጋሩ ሆኖ አገኘሁት። ድንቹን በስኳር ድንች ብንተካ የምናተርፈው ሳንቲም ነው። ቡላ ግን ራሱ ይጠነክራል። አጋሩን ግማሽ አድርጌ በቡላ ሞላሁት፤ ሲቀዘቅዝ ቆንጆ ረጋ። ችግሩ የመጣው ሻጋታው ሲያድግ ነው። አስፐርጊለስ ናይጀር አሚሌዝ የተባለውን ስታርች ቆራጭ ኢንዛይም በብዛት ያወጣል። ከኮሎኒው ሥር ያለውን መሬት ራሱ በላው፣ ፕሌቱ ሲገለበጥም መሀሉ ረገበ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ የጀርመናዊው ባክቴሪያ ተመራማሪ ሮበርት ኮክ ቤተ ሙከራ ሰዎች ጄላቲን ሲጠቀሙ ባክቴሪያው እየበላ ያሟሟባቸው ነበር፤ በሙቀትም ይቀልጥ ነበር። አጋርን ያመላከተችው ከተመራማሪዎቹ የአንዱ ሚስት ፋኒ ሄሴ ናት፤ ከወጥ ቤት ታውቀው ነበር። አጋርን ሊበላ የሚችል ተሕዋስ ጥቂት ነው፤ ቡላን የሚበላው ግን ስፍር ቁጥር የለውም። የዳቦ እርሾ አሚሌዝ ስለሌለው ቡላውን አያሟሟም፤ በዚያው ልክ ስኳር ካልጨመርኩለት እህል ውሃ አይልም። ስለዚህ ለእርሾ ቡላ ከስኳርና ከትንሽ የሽምብራ ውሃ ጋር ተስፋ አለው። ለአስፐርጊለስ ግን ተስፋ ቆርጫለሁ።

አሁን ዋናው ነገር። የምግብ ሚዲያ የሚሞክር ሁሉ የኮሎኒውን ስፋት ለክቶ «ከፒዲኤ በለጠ» ይላል። እኔ ይሄን አላምንም። ምንም ምግብ የሌለበት፣ አጋርና ውሃ ብቻ የሆነ ፕሌት ከጎኑ አስቀምጡ። ሻጋታ የተራበ ጊዜ ምግብ ፍለጋ ቀጭን ክር እየዘረጋ ይሮጣል፤ ስፋቱ ያታልላል። በእኔ ባዶ ፕሌት ላይ ኮሎኒው ሰፍቶ ነበር፣ ግን ሳስቶ የተዘረጋ ድር ነው የሚመስለው። ስለዚህ ከስፋቱ ጋር ውፍረቱንና ስፖሩን እመዘግባለሁ። ጊዜ ሲኖር ያለ አጋር በፈሳሹ አሳድጌ፣ አጣርቼ፣ አድርቄ እመዝናለሁ። ክብደት አይዋሽም።

ለደገኞች አንድ ነገር። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው። የአውቶክሌቩ ጌጅ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ሲል ውስጡ ለማምከን የሚፈለገው 121 ሳይሆን ወደ 117 ዲግሪ ገደማ ነው። 121 ለማግኘት ጌጁ ወደ 19 መድረስ አለበት። በፕሬሸር ኩከር የምትሠሩ ግፊቱን ለመጨመር አትሞክሩ፣ አደጋ ነው። ሰዓቱን አርዝሙ። በተለይ ሽምብራና ቡላ ዱቄት ስለሆኑ በውስጣቸው ሙቀት የሚችል የባክቴሪያ ስፖር ይዘው ይመጣሉ።

በነገራችን ላይ ከእኛው ጓዳ የወጣ ዓለም የሚጠቀምበት ሚዲያ አለ፦ ኑግ። ክሪፕቶኮከስ ኒዮፎርማንስ የተባለው የማጅራት ገትር አምጪ እርሾ በኑግ አጋር ላይ ቡናማ ሆኖ ይለያል። በኑግ ውስጥ ያለውን ካፌይክ አሲድ ሜላኒን ወደተባለ ጥቁር ቡናማ ቀለም ስለሚቀይረው ነው። ጀርመናዊው ስታይብ ይህን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። አደገኛ ተሕዋስ ስለሆነ እኛ አንሞክረውም። ግን የምግብ ሚዲያ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ፒዲኤን በርካሽ ከመተካት ይልቅ ፒዲኤ የማያሳየውን ማሳየት።

ስለዚህ ቀጥሎ የምሞክረው ግብጦ ነው። በውስጡ ያለው አልካሎይድ የተባለ መራራ ንጥረ ነገር የትኛውን ሻጋታ እንደሚያስቆምና የትኛውን እንደማያስቆም ማየት እፈልጋለሁ፣ ከተዘፈዘፈውና ካልተዘፈዘፈው ጎን ለጎን። ባዶው ፕሌትም አይቀርም።