ነጩን ነጭ ማድረግ፦ ከሀዋሳ እስከ ሳነቴ የተራራ ፎቶ ልምዴ

በመጨረሻ ውርጭን ነጭ አድርጌ አነሳሁ። ለአንዳንዶቻችሁ ይህ ወሬ አይሆንም፤ እኔን ግን ጮቤ አስረግጦኛል። ባሌ፣ ሳነቴ አምባ ላይ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ሣሩ ሁሉ ውርጭ ለብሶ፣ መሃል ላይ አንድ ጅብራ (ያ ረጅሙ የደጋ ተክል) ብቻውን ቆሞ ያየሁትን ነገር ቤት ገብቼ ላፕቶፕ ላይ ስከፍተው ያው ራሱ ሆኖ ጠበቀኝ። ከዚያ በፊት ያነሳኋቸው የውርጭና የጉም ፎቶዎች በሙሉ የሲሚንቶ ወለል ይመስሉ ነበር። ግራጫ፣ ድፍን፣ ሕይወት የሌላቸው። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፍ በአብዛኛው ስለዚህ አንድ ችግር ነው። ሌላውን እግረ መንገዴን እነካካዋለሁ።

እኛ ሀዋሳ የምንኖር ጓደኛሞች ነን። አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ ባንክ ይሠራል፣ አንዱ ደግሞ ሥራው ምን እንደሆነ እስካሁን በቅጡ አልገባንም፣ ግን መኪና አለው። ነገሩን የጀመረልን ስልክ ላይ ያየነው ቪዲዮ ነው። በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበትን ሰሌዳ (ስኖውቦርድ) ጀርባቸው ላይ አስረው፣ ሰው ያልረገጠውን በረዶ እየረገጡ ተራራ የሚወጡ፣ ከዚያ ተንሸራተው የሚወርዱ ጓደኛሞች ናቸው፤ አንዱ ካሜራ ይዞ ታች ይጠብቃቸዋል። ቀናን። እንዲያ የሚያንሸራትት በረዶ እኛ ጋ የለም። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 እ.ኤ.አ. ቱሪን ላይ በስኪ ሲወዳደር በክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን የወከለ የመጀመሪያው ሰው ነበር፤ እሱም ቢሆን በረዶ ላይ የተለማመደው ውጭ አገር ነው። ተራራ ግን አለን፣ ካሜራም አለ፣ ጓደኛም አለ። ሰሌዳውን ትተን ሌላውን ወሰድን።

ጅማሬው ብዙ አያወራም። ታቦር ኮረብታ ላይ ወጥቶ ሐይቁን ማንሳት፣ አላሙራ፣ ወንዶ ገነት፣ ሀዋሳ ውስጥ ካሜራ የያዘ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ፍቅር ሐይቅ ጀምበር ስትጠልቅ ያነሳሁት ሞልቶኛል፣ ማንም አይቶት አያውቅም፣ እኔም ለማንም አላሳይም።

ከዚያ ባሌ መጣ። በሻሸመኔ፣ በኮፈሌ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጋችሁ ዲንሾ ትደርሳላችሁ፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው። ከዲንሾ በሮቤ በኩል ጎባ፣ ከጎባ ደግሞ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ሽቅብ ወጥቶ ሳነቴን መሃል ለመሃል ይሰነጥቀዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር በኃይል መናገር እፈልጋለሁ። ሀዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሳነቴ ከ4,000 ይበልጣል፣ ከፍተኛው ጫፉ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ወለል ላይ ካለው 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ጠዋት ሀዋሳ ቁርስ በልቶ፣ በዚያው ቀን ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስ በመኪና ወጥቶ ሰልፊ የሚያነሳ ሰው አለ፤ ጀግንነት መስሎት ነው። ነርሷ ጓደኛችን ሕግ አውጥታለች። መጀመሪያ ዲንሾ ወይም ጎባ ይታደራል። ራስ ምታት የጀመረው ሰው ከዚያ በላይ አይወጣም። ያስመለሰው ወይም እግሩ የተሳሰረበት ሰው ወዲያው ይወርዳል፣ ክርክር የለም፣ የፎቶው ብርሃን የፈለገውን ያህል ቢያምርም።

አሁን ወደ ግራጫው ልመለስ።

ችግሩ ካሜራው ነጭ ነገር እያየ መሆኑን አለማወቁ ነው። እሱ የሚለካው ስንት ብርሃን እንደገባለት ብቻ ነው። ከዚያ ፊቴ ያለው ነገር ሁሉ ተደምሮ ሲካፈል መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይነሳል፤ የበራበትን ብርሃን 18 በመቶ ያህል የሚመልስ ግራጫ። ሰው፣ ዛፍ፣ አስፋልትና ግድግዳ ሲቀላቀሉ ግምቱ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ውርጭ ግን የበራበትን ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ይረጨዋል። ካሜራው ደንግጦ ‹‹ብርሃን በዛ›› ይልና እስከ ግራጫው ድረስ ያወርደዋል። ጉምም ያው ነው። አዳዲሶቹ ካሜራዎች ትንሽ ይሻላሉ ይባላል፤ የባንከኛው ጓደኛዬ ካሜራ አዲስ ነው፣ የእሱም ውርጭ ግራጫ ነው።

መድኃኒቱ ሁላችንም ካሜራ ላይ ያለ፣ ማንም የማይነካው ቁልፍ ነው። የፕላስና የማይነስ ምልክት ያለበት። ፕላስ አንድ ስታደርጉት ብርሃኑ እጥፍ ይሆናል፣ ፕላስ ሁለት ላይ አራት እጥፍ። እኔ ለጉም ፕላስ አንድ አካባቢ፣ ፀሐይ ላረፈበት ውርጭ ደግሞ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እሄዳለሁ። በማኑዋል (ሁሉንም ራሳችሁ እያስተካከላችሁ) የምታነሱ ከሆነ የሹተሩን፣ ማለትም ለብርሃን የሚከፈተውንና የሚዘጋውን መጋረጃ፣ ፍጥነት በዚያው ልክ ዝቅ ማድረግ ነው። በቃ። ይህን ያህል ነው። ታዲያ ለምን ይህን ያህል ጊዜ አሰቃየኝ?

ምክንያቱም የካሜራው ስክሪን ይዋሻል። ጎህ ሲቀድ ዙሪያው ጨለማ ነው፣ ዓይናችሁም ጨለማውን ለምዷል። በዚያ ሰዓት ስክሪኑን ስታዩት ጨለም ያለው ፎቶ ሳይቀር ቦግ ብሎ ይታያችኋል። ‹‹ኧረ ጨርሶ ነጣ!›› ትሉና መልሳችሁ ትቀንሳላችሁ። ቤት ስትገቡ ሲሚንቶ። ቀን ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የሳነቴ ፀሐይ ስክሪኑን ስለምትውጠው ደህናው ፎቶ ጨልሞ ይታያል፣ ስለዚህ ከልክ በላይ ትጨምሩና ነጩ ይቃጠላል።

የምወደው መሣሪያ እንግዲህ ሂስቶግራም ነው፤ የፎቶው ብርሃን ከጥቁር እስከ ነጭ የት የት እንደተከማቸ በጉብታ የሚያሳይ ሥዕል። ብር አይጠይቅም፣ ካሜራው ውስጥ አለ። ግራው ጥቁር፣ ቀኙ ነጭ፣ መሃሉ ግራጫ። ውርጭ አንስታችሁ ጉብታው መሃል ላይ ከተቀመጠ ግራጫ አንስታችኋል ማለት ነው፣ ስክሪኑ ምንም ቢላችሁ። ጉብታውን ወደ ቀኝ ግፉት፣ የቀኙ ግድግዳ ላይ ግን አይለጠፍ። ከተለጠፈ ያ ቦታ ባዶ ወረቀት ሆኗል፣ ኤዲት የሚያወጣው ነገር የለም። አንዳንድ ካሜራ ላይ የተቃጠለውን ቦታ ብልጭ ድርግም እያደረገ የሚያሳይ ማስጠንቀቂያም አለ። ክፈቱት። ያስጠላል፣ ግን ክፈቱት።

‹‹ላይትሩም (የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) ላይ አስተካክለዋለሁ›› የሚል ሰው አይጠፋም። ራው ፋይል፣ ማለትም ካሜራው ያየውን ሁሉ ሳይጨምቅ ያስቀመጠው፣ ከሆነ እውነትም ብዙ ይስተካከላል። ግን አጨልማችሁ ያነሳችሁትን በኋላ ስትጎትቱት ጥቁሩ ቦታ ላይ ነጠብጣብ ይወርሰዋል። ነጩ ነጭ ሆነ ብላችሁ ስትደሰቱ ውርጩ ላይ ያነሳችሁት ቀበሮ ፀጉር አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። እዚያው ቦታው ላይ ብርሃኑን ማስገባትና ቤት ውስጥ መጎተት አንድ አይደሉም፣ በዚህ ማንም አያሳምነኝም። ጄፔግ (ካሜራው ራሱ ጨምቆ የጨረሰውን ፋይል) ብቻ የሚያነሱትንማ ተዉአቸው።

ቀለሙ ሌላ ጣጣ ነው። ፀሐይ ያላገኘው ውርጭ ሰማያዊ ይወጣል፤ የሚያበራለት ሰማዩ ስለሆነ ነው። መኪና ያለው ጓደኛችን ይህን ሲያይ ኋይት ባላንሱን (የቀለሙን ሙቀትና ቅዝቃዜ ማስተካከያ) እያሞቀ እያሞቀ ሳነቴን አፋር ያደርገዋል። እኔ ሰማያዊውን ግማሹን እተወዋለሁ። ብርዱ መታየት አለበት። እሱ ደግሞ የእኔ ፎቶ ያንቀጠቅጣል ይላል። እስካሁን አልተስማማንም።

ይህን ሁሉ ለመልመድ ባሌ መሄድ እንደማያስፈልግ የገባኝ እናቴ ጋ ነው። ነጠላ አስለብሼ ነጭ ግድግዳ ሥር አቆምኳት። ‹‹ምነው ልጄ፣ ለፓስፖርት ነው እንዴ?›› አለችኝ። ካሜራው ባለበት ሳነሳት ነጠላው ግራጫ፣ ፊቷ ደግሞ ጥቁር ድፍን ሆነ። ፕላስ አንድ ሳደርገው ነጠላው ነጣ፣ ፊቷም ወጣ፣ ጥለቱም አልጠፋም። የጥምቀት ፎቶዎቻችሁን እስቲ መልሳችሁ እዩ። ነጭ የለበሰው ሕዝብ መሃል የሰው ፊት የሚጠቁረው ለምን ይመስላችኋል? የእኛ መልክና ነጭ ልብስ አንድ ላይ ሲሆኑ ካሜራው የሚያደላው ለልብሱ ነው። ስልክ ለያዘም ይሠራል። ፊቱን በጣታችሁ ንኩና የፀሐይዋን ምልክት ወደ ላይ ሳቡ።

ሁለተኛው መለማመጃዬ አሞራ ገደል፣ የሀዋሳው ዓሣ ገበያ ነው። ዓሣ ለመቀማት የሚመጣው አባ ኮዳ የተባለው ትልቅ ወፍ ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ ስለሆነ ከእሱ የባሰ ፈተና አላየሁም። ነጩን ስታተርፉ ጥቁሩ ይሞታል። ሁለቱንም ይዞ መውጣት የቻለ ሰው ሳነቴ ላይ አይቸገርም። ሲርባችሁም የዓሣ ሾርባው አጠገባችሁ ነው።

ቀይ ቀበሮ እንዴት ይነሳል ለምትሉኝ፣ መሮጥ አያስፈልግም። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ እዚሁ ባሌ ይኖራሉ። የሚያድኑት በቀን ነው፣ አንድ አንድ እየሆኑ፣ በተለይ ከባሌ ውጭ የትም የማይገኘውን ትልቁን ፍልፈል። አስጎብኚያችን፣ ኦቦ የምንላቸው ሰውዬ፣ ቀበሮ አይፈልጉም። የፍልፈል ጉድጓድ የበዛበትን ሜዳ ይመርጡና ‹‹እዚህ ተቀመጡ፣ ወሬ አቁሙ›› ይሉናል። ከጉድጓድ አጠገብ የምትንጦለጦል ትንሽ ቡናማ ወፍ ካዩ ፍልፈሉ ሊወጣ ነው ማለት ነው፣ ፍልፈሉ ከወጣ ደግሞ ቀበሮው ይመጣል። ሁልጊዜ አይመጣም። ባንከኛው እንቅልፍ ይወስደዋል። ከመጣ ግን ራሱ ወደ እናንተ ይቀርባል፣ ውርጩ ላይ ቀይ ፀጉሩ እንደ ፍም ይታያል፣ ፕላሱን አስቀድማችሁ አስተካክላችሁ ካልጠበቃችሁት እሱ ቆሞ አይጠብቃችሁም።

በመኪና ከመንገድ ወጥቶ ማሳደድ፣ ድሮን ማንጫጫት፣ ትርፍራፊ ምግብ መጣል፣ ይሄ ሁሉ ይቅር። ውሻ ይዞ መሄድማ ጨርሶ አይታሰብም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሾች እየተላለፈ እነዚህን እንስሳት ከአንዴም ብዙ ጊዜ ፈጅቷል። ፓርኩ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። እኛ ፎቶ አንሺዎች ከማንም በፊት ሥርዓት መያዝ አለብን፣ ምክንያቱም ከመንገድ የሚወጡት መኪኖች ውስጥ ካሜራ አይጠፋም።

ቀሪውን ቶሎ ቶሎ ልበል። ባትሪ በብርድ ይደክማል፣ ትርፉን ውስጥ ኪሳችሁ፣ ሰውነታችሁ አጠገብ ያዙት። ሞተ ያላችሁትም ሲሞቅ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ካሜራውን ከውጭ ብርድ ቀጥታ ሞቃት ክፍል አታስገቡት፤ ሌንሱን ላብ ያጠምቀዋል። ከመግባታችሁ በፊት ፌስታል ውስጥ ጥብቅ አድርጋችሁ ቋጥሩትና እስኪሞቅ አትክፈቱት። ፀሐይዋንም አትናቋት። ከፍታው በየ1,000 ሜትሩ ሲጨምር አቃጣዩ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ‹‹እኛ ጥቁሮች ነን፣ አያቃጥለንም›› ያለው ጓደኛችን አፍንጫው ተልጦ ነው ሀዋሳ የገባው። ስለ ሌንስ አትጠይቁኝ። የእኔ ረጅሙ ሌንስ የተውሶ ነው፣ ባለቤቱ ደግሞ ሠርግ ባለ ቁጥር ይወስደዋል፣ ሠርግ የሚበዛው ጥር ላይ ነው፣ ጥር ደግሞ ውርጩ የሚያምርበት ጊዜ ነው። መፍትሔ አላገኘሁለትም።

አሁን የያዘኝ ጉም ነው። ውርጩ እሺ ብሏል፣ ጉም ውስጥ ግን ፎከሱ የሚይዘው አጥቶ ወዲያና ወዲህ ሲል ቀበሮው ያልፋል። ለጊዜው የጅብራ ግንድ ላይ በእጄ አስተካክዬ እየጠበቅሁ ነው። የተሻለ ዘዴ ያለው ሰው ይንገረኝ።

ህዳር ላይ እንደገና እንሄዳለን። መኪናው ውስጥ አንድ ቦታ አለ። የሚመጣ ሰው የራሱን ስሊፒንግ ባግ ይያዝ፣ ዲንሾ ማደር ግዴታ ነው፣ ድንኳን የሚጋራው ከባንከኛው ጋር ነው፣ ባንከኛው ደግሞ ያንኮራፋል።