ሁለት የነርቭ ህዋሳት አይነካኩም፦ የአምስተኛው ሳምንት ማስታወሻዬ

ሰላም ጓደኞቼ። የማታ ጥናታችን አምስተኛ ሳምንቱን ያዘ። የነርቩ ምዕራፍ የደረሰው ለእኔ ስለሆነ እስካሁን የገባኝን ላካፍላችሁ።

ባለፈው እሁድ ሂርማታ ቤታችን እናቴ ቡና እያፈላች ነበር። ጀበናው ሊገነፍል ሲል ዘልዬ አንገቱን ያዝኩት። እጄን የሳብኩት ማቃጠሉ ሳይሰማኝ ነው። ወዲያው እንደ መርፌ የሚወጋ ሕመም መጥቶ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የሚለበልበው ቀስ ብሎ መጣና አልሄድ አለ። እናቴ ጣቴን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስትከትልኝ እኔ የማስበው ያነበብኩትን ነበር። እጅን የሚያሸሸው ትእዛዝ ከህብለ ሰረሰር ይወጣል፤ አንጎል ወሬውን የሚሰማው ዘግይቶ ነው። የመጀመሪያውን ውጋት የሚያደርሱት ማይሊን የሚባል ስስ የስብ ሽፋን ያላቸው ነርቮች ሲሆኑ በሴኮንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ይሄዳሉ። የሚለበልበውን የሚያመጡት ሽፋን የሌላቸው ቀጫጭኖቹ ናቸው፤ ፍጥነታቸው ከ0.5 እስከ 2 ሜትር ብቻ ነው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ የታገለኝ ግን የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ነው። ያረፈ የነርቭ ህዋስ ውስጡ ከውጭው ሲነጻጸር -70 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ይህን በቃል ይዤው ነበር እንጂ አልገባኝም። በመጨረሻ ሰፌድ ላይ በህዋሱ ሽፋን ቦታ ክር ዘርግቼ ጥሬ ቡናውን ሶዲየም፣ የተቆላውን ፖታሲየም አደረግኩ። ጥሬው በብዛት ከክሩ ውጭ፣ የተቆላው በብዛት ከውስጥ። ሽፋኑ ላይ ያለው ፓምፕ በእያንዳንዱ ዙር 3 ሶዲየም አውጥቶ 2 ፖታሲየም ያስገባል። ምልክት ሲነሳ የሶዲየም በሮች ይከፈቱና ሶዲየሙ እየተንጋጋ ይገባል፤ ሶዲየም የፖዘቲቭ ሙል ስላለውም ውስጡ ወደ +30 ይወጣል።

እዚህ ላይ ተሳስቼ ስለነበር እናንተም ተጠንቀቁ። ከዚያ በኋላ ህዋሱን ወደ ዕረፍቱ የሚመልሰው ፓምፑ ይመስለኝ ነበር። አይደለም፤ የሚመልሰው የሚወጣው ፖታሲየም ነው። ፓምፑ ሁልጊዜ ከጀርባ ሆኖ ልዩነቱን ይጠብቃል እንጂ ለእያንዳንዱ ምልክት አይሮጥም።

ምልክቱ የአክሰኑ (ከነርቭ ህዋሱ የሚወጣው ረጅም ክር) ጫፍ ሲደርስ መንገዱ ያልቃል። በሁለቱ ህዋሳት መካከል ከ20 እስከ 40 ናኖሜትር የሆነ ክፍተት አለ፤ ከፀጉር ውፍረት በሺህዎች እጥፍ የጠበበ ነው፣ ግን ክፍተት ነው። በኤሌክትሪክ ተያይዘው የሚሠሩ ህዋሳትም አሉ፤ የሚበዛው ግንኙነት ግን በዚህ ክፍተት በኩል የሚደረገው ነው። ጫፉ ላይ የካልሲየም በሮች ይከፈታሉ፣ የሚገባው ካልሲየም እዚያ ያሉትን ጥቃቅን ከረጢቶች ከሽፋኑ ጋር ያጣብቃቸዋል፣ ውስጣቸው ያለው ኬሚካል ይፈሳል፤ ተሻግሮም ማዶ ያለው ተቀባይ ላይ ያርፋል።

መልእክቱ በኬሚካል እንደሚሻገር ያረጋገጠው የተመራማሪው ኦቶ ሎዊ ሙከራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1921 ኦስትሪያ፣ ግራዝ ከተማ። ሁለት የእንቁራሪት ልቦችን ወሰደ። የአንዱን ቬገስ ነርቭ (ከአንጎል ወደ ልብ የሚወርደውን) ሲያነቃው ምቱ ቀነሰ። ያ ልብ የነበረበትን ፈሳሽ ሁለተኛው ላይ ሲያፈስ እሱም ቀነሰ፤ ነርቩን ማንም ሳይነካው! ፈሳሹ ውስጥ የነበረው አሴቲልኮሊን መሆኑ በኋላ ታወቀ፤ ሎዊም በ1936 ከሄንሪ ዴል ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘ። እኔን በጣም የገረመኝ ግን ይህ አሴቲልኮሊን ልብን እያቀዘቀዘ የክንድን ጡንቻ የሚያኮማትር መሆኑ ነው። መልእክተኛው አንድ ነው፤ ውጤቱን የሚወስነው ተቀባዩ ነው።

መልእክቱ ከደረሰ በኋላ ክፍተቱ መጽዳት አለበት። አሴቲልኮሊንን የሚሰባብር ኢንዛይም አለ፤ ይህን ሳነብ ባለፈው ክረምት ጤና ጣቢያችን የመጣ አንድ ገበሬ ትዝ አለኝ። ፀረ ተባይ ሲረጭ ውሎ ነው ያመጡት። ምራቁ ይዝረከረካል፣ ላቡ ልብሱን አርሶታል፣ የዓይኑ ብሌን የመርፌ ጫፍ አክሏል፣ ጡንቻው ከቆዳው ሥር ይርገበገባል። አትሮፒን ስጪ ስባል ሰጠሁ፤ ለምን እንደሚሠራ ግን አላውቅም ነበር። አሁን አውቃለሁ። መርዙ ኢንዛይሙን ያስረዋል፣ አሴቲልኮሊኑ ይከማቻል፣ አትሮፒን ደግሞ በዕጢዎችና በልብ ላይ ያሉትን ተቀባዮች ይዘጋል። የክንድና የእግር ጡንቻ ተቀባይ ሌላ ዓይነት ስለሆነ ምራቁ ሲደርቅ ያ መርገብገብ በአትሮፒን አልቆመም። ያን ቀን ይህን ባውቅ መጠኑ አልበቃ ይሆን እያልኩ ባልተጨነቅኩ።

ስለ ቡናችንም ላንሳ። ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎል ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ኬሚካል ይጠራቀምና ተቀባዮቹ ላይ እየተቀመጠ ያደክመናል። ካፌይን ቅርጹ ስለሚመስለው ቦታውን ይቀድመዋል፣ ነገር ግን ምንም አያዝም። ድካሙ አልጠፋም፤ መልእክቱ መግቢያ አጣ እንጂ። ካፌይን በአማካይ በ5 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ 11 ሰዓት ላይ የጠጣነው አቦል ግማሹ ከምሽቱ 4 ሰዓትም ደማችን ውስጥ አለ። ከጥናት በኋላ እንቅልፍ አልወስድ ያላችሁ ሰዓቱን ቆጥራችሁ ሞክሩት።

ሐሙስ ሰፌዱንና ቡናውን ይዤ እመጣለሁ፤ ክር ከእናንተ። ቀጥሎ የምይዘው ምልክቱ ማይሊን ባለው ነርቭ ላይ ከክፍት ቦታ ወደ ክፍት ቦታ እንዴት እንደሚዘል ነው።